ከሁሉ ይልቅ ሁለገብ የነበረው ቡጢኛ ማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጥቂት ጓደኞቻችን ጋር ሻይ እየጠጣን ስንጨዋወት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው፥ «ከቀድሞ ዘመን ቡጢኞች መካከል ከሁሉ ይልቅ ሁለገብ የነበረው ማን ነው?» የሚል ነበር። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል ብለን የገመትነው ክርክር እስከ ምሽት ድረስ አቆየን፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ የራሱን ሰው እንደ ያዘ ተለያየን። ወደ ቤታችን ከገባን በኋላ ነገሩን ስናወጣና ስናወርደው፥ ያልተስማማነው በቡጢኞቹ ማንነት ሳይሆን «ሁለገብ» በሚለው ቃል ትርጉም መሆኑ ተገለጠልን። አንዱ ሁለገብነትን በቀበቶ ብዛት ሲቈጥር፥ ሌላው በክንድ ብርታት፥ ሦስተኛውም በስም ገናናነት ይለካው ነበር። ቃሉ ሳይጣራ ፍርድ አይሰጥምና፥ ክርክሩን ዛሬ በአንባቢዎቻችን ፊት እንደገና ለመክፈት አሰብን።

በመጀመሪያ ዘመኑን እንወስን። የቀድሞ ዘመን ስንል ከ1935 እስከ 1962 ድረስ ያለውን ጊዜ ማለታችን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በዚያ ዘመን ዋና ዋናዎቹ የቡጢ ሚዛኖች ስምንት ነበሩ። ዛሬ ሚዛኖቹ ከ17 አያንሱም፤ ሻምፒዮን የሚሾሙትም ታላላቅ ድርጅቶች አራት ናቸው። ያን ጊዜ ሻምፒዮን መባል ብርቅ ነበር፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም በር እጅግ ጠባብ ነበር። ደግሞም የዚያ ዘመን ቡጢኛ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ አይጋጠምም፤ በወር ሁለት ጊዜ ወደ መድረክ የሚወጣ ብዙ ነበር። ስለዚህ የአንዳንዶቹ የግጥሚያ ቍጥር ከ200 በላይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከጓደኞቻችን አንደኛው ያቀረበው ሄንሪ አርምስትሮንግን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። አርምስትሮንግ በ1937 ጥቅምት ወር የላባ ሚዛንን፥ በ1938 ግንቦት የዌልተር ሚዛንን፥ በዚያው ዓመት ነሐሴ ደግሞ የቀላል ሚዛንን ሻምፒዮንነት ወስዶ፥ ከስምንቱ ዘውዶች ሦስቱን በአንድ ጊዜ በራሱ ላይ የደፋ ሰው ነው። በ1940ም የመካከለኛ ሚዛኑን ሻምፒዮን ሴፈሪኖ ጋርሲያን ገጥሞ እኩል ለእኩል ወጣ። ይህን የሚያህል ሥራ የሠራ ሰው በእውነት ይደነቃል። ነገር ግን አርምስትሮንግ ሦስቱንም ዘውዶች ያገኘው በአንድ መንገድ ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት ይገፋል፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ እጁ አያርፍም፤ በሚቀጥለውም ዙር ያንኑ ይደግማል። ሚዛኑ ተለወጠ እንጂ ሰውየው አልተለወጠም። አንድ ቍልፍ ሦስት በሮችን ከፈተ ማለት ቍልፉ ጠንካራ መሆኑን ያሳያል፤ ባለቤቱ ብዙ ቍልፎች አሉት ማለት ግን አይደለም።

ሁለተኛው ጓደኛችን በስሜት ተነሥቶ ጆ ሉዊስን ጠራ። ይህን ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚያቀርበው ምክንያት አለ። በ1935 ሰኔ 25 ቀን፥ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር ጦሯን በምታከማችበት ወራት፥ የ21 ዓመቱ ሉዊስ በኒው ዮርክ የያንኪ ስታዲየም የኢጣልያውን ግዙፍ ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመ። ካርኔራ ከሉዊስ ወደ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይበልጥ ነበር። የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብም ግጥሚያውን እንደ ሁለት ሰዎች ጠብ ብቻ አላየውም፤ ኢትዮጵያና ኢጣልያ በመድረክ ላይ የቆሙ ያህል ቈጥሮ ተመለከተው። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ካርኔራን በዝረራ አሸነፈ። ከሦስት ወር በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ይሁን እንጂ ውለታና ፍርድ ለየብቻ ናቸው። ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ሻምፒዮን ሆኖ ዘውዱን 25 ጊዜ ተከላክሏል፤ ከስሕተቱም ይማር ነበር። በ1936 በዝረራ የጣለውን ማክስ ሽሜሊንግን በ1938 በመጀመሪያው ዙር ጨርሶታል። የሆነ ሆኖ ሉዊስ ከሚፈጥን ሰው ጋር ሲገናኝ ይቸገር ነበር። በ1941 ከርሱ እጅግ ቀላል የነበረው ቢሊ ኮን እየተሽከረከረ 12 ዙሮች አሞኘው፤ ሉዊስን ያዳነው በ13ኛው ዙር ያሳረፈው የእጁ ኃይል ነው። ኃይል ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ሁለገብነት አይደለም።

እንግዲህ ሁለገብነት ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ሦስት ፈተናዎች አሉት። አንደኛው፥ ቡጢኛው ከሚያህለው ብቻ ሳይሆን ከሚበልጠውም ሰው ጋር ቆሞ ማሸነፍ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፥ ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸውን ሰዎች፥ የሚገፋውንም፥ የሚሸሸውንም፥ የሚጠብቀውንም፥ ለእያንዳንዱ የሚስማማ መልስ ፈልጎ መርታቱ ነው፤ በተለይም አንድ ጊዜ የተጋጠመው ሰው ጠባዩን አውቆ ሲመለስበት አዲስ መልስ ማግኘቱ ነው። ሦስተኛው፥ ዕድሜ ወይም መከራ የቀድሞ ኃይሉን በወሰደበት ጊዜ በቀረው ነገር መሥራት መቻሉ ነው። አባቶቻችን «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ። አንድ ብልሃት ብቻ ያለውም ቡጢኛ እንዲሁ ነው፤ ያቺ ብልሃት የታወቀችበት ቀን ሌላ የሚጠጋበት የለውም።

በእነዚህ ፈተናዎች ፊት ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ቀና ብሎ ይቆማል። ሮቢንሰን በ1940 ሥራውን ጀምሮ በ1965 እስኪያቆም ድረስ ወደ 200 የሚጠጋ ግጥሚያ አድርጓል። በ1946 የዌልተር፥ በ1951 የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ፤ የመካከለኛውንም ዘውድ እየጣለ እያነሣ አምስት ጊዜ ወስዶታል። ወደ ፊት እየሄደም ወደ ኋላ እያፈገፈገም በሁለቱ እጆቹ መጣል የሚችል ሰው ነበር። ጄክ ላሞታ በ1943 የካቲት መጀመሪያ ላይ በክብደት በልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፈው፥ ሮቢንሰን ሦስት ሳምንት ቈይቶ ተመለሰና አሸነፈው፤ ከስድስቱም ግጥሚያቸው አምስቱን ወሰደ። በ1957 ጥር ወር ጂን ፉልመር እየገፋና እየተጋፋ ዘውዱን ነጠቀው። በግንቦት ወር ግን 36 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን የቀረው ሮቢንሰን፥ በአምስተኛው ዙር ወደ ኋላ እያፈገፈገ በሰነዘረው አንድ አጭር የግራ ምት ፉልመርን ዘረረው። ክርክሩ «ታላቁ ቡጢኛ ማን ነው?» የሚል ቢሆን ኖሮ ጽሑፋችን እዚህ ላይ ባለቀ ነበር።

ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው። ሮቢንሰን ከፍ ወዳለው ሚዛን አንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር። በ1952 ሰኔ 25 ቀን በያንኪ ስታዲየም የቀላል ከባድ ሚዛኑን፥ ማለት እስከ 79 ኪሎ ግራም ያለውን፥ ሻምፒዮን ጆይ ማክሲምን ገጠመ። ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ነበር፤ ዳኛው እንኳ ከአሥረኛው ዙር በኋላ መቆም አቅቶት በሌላ ተተካ። ሮቢንሰን በነጥብ እየመራ ሳለ ለ14ኛው ዙር ከወንበሩ መነሣት ተሳነው። ሙቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው እንዳንል፥ ማክሲም ሰባት ኪሎ ያህል የሚበልጥ ሰው ነበርና እንፈርድበታለን ማለት አይደለም። ግን የማክሲምን ስም አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ መለኪያ ዘንግ ሆኖ ያገለግለናል።

ሦስተኛውን ፈተና ከሁሉ አብልጦ ያለፈው አርቺ ሙር ነው። ሙር ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲጋጠም ኖሮ ለዘውድ የሚያበቃው ግጥሚያ የተፈቀደለት በ1952 ታኅሣሥ ወር፥ ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ ነው። ብዙዎች ሥራቸውን በሚፈጽሙበት ዕድሜ እርሱ ሹመቱን ጀመረ፤ ማክሲምን በነጥብ አሸንፎ ዘውዱን ወሰደና እስከ 1962 ድረስ ያዘው። እግሩ መፍጠን ሲያቅተው ሁለቱን ክንዶቹን በፊቱ አጣምሮ ከበስተኋላቸው መሸሸግንና ሰውን መጠበቅን ተለማመደ። በ1955 ያልተሸነፈውን ሮኪ ማርሲያኖን በሁለተኛው ዙር መሬት ላይ አስቀመጠው፤ በዘጠነኛው ግን ራሱ ተዘረረ። በ1958 በሞንትሪያል ከኢቮን ዱሬል ጋር ሲጋጠም በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጊዜ፥ በአምስተኛውም አንድ ጊዜ ወደቀ፤ እየተነሣም ተዋግቶ በ11ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። ይህ ሰው ከ130 በላይ ተጋጣሚዎችን በዝረራ እንዳሸነፈ ተመዝግቧል።

ታዲያ ሙርን ማን ረታው? መልሱ እኛ ወደምንመርጠው ሰው ያደርሰናል። ይኸውም በሲንሲናቲ ከተማ ያደገው ኤዛርድ ቻርልስ ነው። ቻርልስ ሙርን በ1946፥ በ1947ና በ1948 ሦስት ጊዜ ገጠመው፤ ሦስቱንም አሸነፈ። ሁለቱን በነጥብ፥ ሦስተኛውን በስምንተኛው ዙር በዝረራ ነው። ሙርን የሚያህል ብልህ ሰው ሁለት ጊዜ ተሸንፎ አጥንቶ ሲመለስ፥ በሦስተኛው የባሰ ነገር ማግኘቱ ለሁለተኛው ፈተና ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝለትም።

ቻርልስ በ1940 ሲጀምር የመካከለኛ ሚዛን ሰው ነበር። በ1942 ገና 21 ዓመት ሳይሞላው፥ ሁሉ የሚሸሸውን ቻርሊ በርሊን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። በ1943 ጂሚ ቢቪንስ በነጥብ፥ ሎይድ ማርሻልም በዝረራ አሸነፉት። ከዚያ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሆነ፤ ከጦር ሠራዊት ሲመለስም ሁለቱንም ፈልጎ ደጋግሞ አሸነፋቸው። በ1949 ሰኔ ወር ጀርሲ ጆ ዋልኮትን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተባለ፤ በ1950 መስከረም ደግሞ 15 ኪሎ የሚበልጠውን ጆ ሉዊስን 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ረታው። እዚህ ላይ የሉዊስ ወዳጅ የሆነው ጓደኛችን፥ «አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል» ብሎ ተረተብን። እውነት ነው፤ ሉዊስ ያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበር፤ ዕዳም አስገድዶት ነው የተመለሰው። ስለዚህ ይህን ድል እንደ ዋና ማስረጃ አናቀርበውም። ሆኖም ያረጀ አንበሳ ጥፍሩ አይረግፍም፤ ቻርልስም ያን ጥፍር ለ15 ዙሮች በግራ እጁና በእግሩ ስልት አርቆ መያዙን መካድ አይቻልም።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን ከመድረክ ውጭ የመጣ ነው። በ1948 የካቲት ወር ሳም ባሩዲ የተባለ ወጣት ቡጢኛ በቺካጎ ከቻርልስ ጋር ተጋጥሞ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ቻርልስ በኀዘን ተውጦ ሥራውን ሊተው አሰበ። በመጨረሻ ቢመለስም፥ በእጁ ላይ የነበረው ጭካኔ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳልተመለሰ የጻፉ ታዛቢዎች ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ሻምፒዮን የሆነው፥ ዋልኮትንና ሉዊስን ያሸነፈው፥ ይህ ሁሉ ከደረሰበት በኋላ ነው። ዘርሮ የሚጨርሰው ሰው ቈጥሮ የሚያሸንፍ ሰው ሆነ። በ1951 ዋልኮት በሰባተኛው ዙር በዝረራ ዘውዱን ወሰደበት። በ1954 ሰኔ ማርሲያኖን ሲገጥም 33 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ተሸነፈ፤ ግን ከማርሲያኖ ጋር 15 ዙር በእግሩ ቆሞ የጨረሰ ሰው ከርሱ በቀር የለም። በመስከረም ወር እንደገና ተጋጥመው የማርሲያኖን አፍንጫ ሰነጠቀው፤ እርሱም በስምንተኛው ዙር ወደቀ።

አሁን ወደ መለኪያ ዘንጋችን ወደ ጆይ ማክሲም እንመለስ። ሮቢንሰን አንድ ጊዜ ገጥሞት አልተሳካለትም። ሙር ሦስት ጊዜ ገጥሞት ሦስቱንም በነጥብ አሸነፈ። ቻርልስ ከ1942 እስከ 1951 ድረስ አምስት ጊዜ ገጥሞት አምስቱንም አሸነፈ። ነገር ግን የቀላል ከባድ ሚዛኑን ዘውድ ከ1950 እስከ 1952 የደፋው ማክሲም ነው። ቻርልስ በሚስማማው ሚዛን፥ ከሁሉ በላይ በነበረበት ዘመን፥ ለዚያ ዘውድ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም። ከታዘዘለት ሚዛን ከፍ ብሎ፥ ከሚበልጡት ሰዎች መካከል ገብቶ፥ ሌላ ዘውድ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ከዚህ ላይ የክርክራችን ሥር ይገኛል። የቻርልስና የሙር ሁለገብነት ከየት መጣ? ከተዘጋ በር ነው። የዚያ ዘመን ሻምፒዮኖችና አዘጋጆቻቸው፥ ብርቱ የሆኑትን ጥቁር ቡጢኞች ኪሳራ ስለሚያመጡባቸው ይሸሿቸው ነበር። የተገፉትም ሰዎች እንጀራ ለማግኘት እርስ በርሳቸው ደጋግመው ከመጋጠም በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ማርሻል፥ ቢቪንስ፥ ሙር፥ በርሊ፥ ቻርልስ ሁሉ አንዱ ለሌላው አስተማሪ ሆነ። ደካማ ተጋጣሚ መርጦ መዝገብ ማሳመር የሚቻለው በር ለተከፈተለት ሰው ነው፤ እነርሱ ግን በየወሩ አዲስ ብልሃት ካልተማሩ የሚበሉት አልነበራቸውም። «ወርቅ በእሳት፥ ሰው በመከራ ይፈተናል» የተባለው በነርሱ ላይ ደረሰ።

ይህን ስንል ግን ግፍን ማመስገናችን አይደለም፤ አንባቢ እንዲያ እንዳይረዳብን እንፈራለን። እሳቱ ወርቁን ሲያጠራ ያቃጠለውም አለ። ለዚህ ምስክሩ ቻርሊ በርሊ ነው። በርሊ በ1944 ሚያዝያ ወር አርቺ ሙርን ደጋግሞ መሬት ላይ ጥሎ በነጥብ አሸነፈው፤ ሙርም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ከገጠማቸው ሰዎች ሁሉ የበለጠው በርሊ እንደ ነበር ይመሰክርለት ነበር። አርምስትሮንግን አሸንፎ የዌልተር ሻምፒዮን የሆነውን ፍሪትዚ ዚቪክንም በርሊ ከዚያ በፊት ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አሸንፎታል። ነገር ግን በርሊ እስከ መጨረሻው ድረስ ለዓለም ዘውድ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጋጠመም። ሥራውን ከተወ በኋላም በፒትስበርግ ከተማ ቈሻሻ በማንሣት ሥራ ተዳደረ። በመንገድ ላይ ሲያልፍ ያየው ሰው የሙርን አሸናፊ እያየ መሆኑን በምን ያውቃል?

በክርክራችን መካከል አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ጓደኛችን፥ «ዘውድ ያልደፋውን ሰው ከሻምፒዮን ጋር የምታስተካክሉት በምን ማስረጃ ነው?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ጥያቄው ስለ ቡጢ ብቻ አይመስለንም። እኛ በትምህርት ቤትም ሆነ በቢሮ ያለን ወጣቶች ማስረጃ የሚለውን ቃል ስንሰማ አስቀድሞ በዓይናችን የሚመጣው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ወረቀቱን አናቃልልም፤ እኛም ለፍተን ያገኘነው ነው። ግን ወረቀት የሚመሰክረው የተፈቀደልንን በር ነው፤ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚመሰክሩት ከፊቱ የቆሙት ነገሮች ናቸው። ስለ በርሊ የመሰከረው ቀበቶ አይደለም፤ ተሸንፎ የወደቀው ሙር ነው። ስለ ቻርልስም አምስት ጊዜ የተሸነፈው ማክሲም፥ በራሱ ላይ ዘውድ ደፍቶ ሳለ፥ ሳይወድ ይመሰክራል።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ታላቁ ቡጢኛ ሮቢንሰን ነው፤ ዕድሜን በብልሃት የረታው ሙር ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሁለገብ የነበረው ግን ከመካከለኛ ሚዛን እስከ ከባድ ሚዛን ድረስ፥ ከሚገፋውም ከሚሸሸውም ጋር፥ በጭካኔም በትዕግሥትም ያሸነፈው ኤዛርድ ቻርልስ ነው። ቻርልስ ጡንቻን በሚያሰልል በሽታ ተይዞ ለብዙ ዘመን ከተሠቃየ በኋላ በ1975 በ53 ዓመቱ ሞተ። የመጨረሻ ዓመቶቹ መዝገቡን አይለውጡትም።

ጓደኞቻችን በዚህ ፍርድ እንደማይስማሙ ከወዲሁ እናውቃለን፤ የሚመጣው ቅዳሜም ሻይ አለ። የምንለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የየራሳቸውን ሰው ይዘው ሲመጡ፥ ስንት ቀበቶ እንደ ነበረው ከመንገራቸው በፊት ማን ማንን እንደ ገጠመ ይንገሩን።